ጋዜጣ አዟሪው ስም አይጠይቅም፤ ድረ ገጹስ?

(በቅርቡ እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አሳጥሬዋለሁ።)





ከመካከላችሁ በዕድሜ ጠና ያላችሁት የዚያን ዘመን አራት ኪሎን ታስታውሳላችሁ። የግል ጋዜጣ እየተከራየ ይነበብ የነበረበትን አራት ኪሎ ማለቴ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለህ፣ ለአዟሪው ሳንቲም ጣል ታደርጋለህ፣ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር አንብበህ፣ መልሰህ ትሄዳለህ። አዟሪው «ስምህ ማነው? ሰፈርህ የት ነው? የትኛውን ገጽ ነው ደጋግመህ ያነበብከው?» ብሎ አይጠይቅህም። ቢጠይቅህማ ኖሮ «ይሄስ ጆሮ ጠቢ ነው» ብለህ እግሬ አውጪኝ ትል ነበር።

ዛሬ ያንኑ ዓይነት ጽሑፍ ስልካችን ላይ ከፍተን እናነባለን። ለመሆኑ አንብበን ስንወጣ ምን ጥለን እንደምንሄድ አስበን እናውቃለን?

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር የሚሉት ማለት ነው፣ መዝገብ ይይዛል። በየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደመጣችሁ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደገባችሁ፣ የትኛውን ጽሑፍ እንደከፈታችሁ፣ ስልካችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጽፋል። ቅጽ አልሞላችሁም፣ ስማችሁን የጠየቃችሁ የለም፤ መዝገቡ ግን አለ።

«አድራሻው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሜ የለበትም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ቁጥሩ ብቻውን ስም አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው በአንድ ቁጥር ሊገለገል ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ በዚያች ደቂቃ ለማን ተሰጥቶ እንደነበር ቴሌው መዝግቦ ካስቀመጠ፣ ሲም ካርዱን ደግሞ ያወጣነው መታወቂያ አሳይተን ከሆነ፣ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያደረገ ሰው ስማችሁን አገኘው ማለት ነው።

ሌላው ኩኪ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ የተፈጠረች ትንሽ ምልክት ናት። ድረ ገጹ ስልካችሁ ላይ ያኖራታል፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ «ይሄ ያ የትናንቱ ሰውዬ ነው» ብሎ ይለያችኋል። የይለፍ ቃል በየገጹ ደጋግማችሁ እንዳትጽፉ ትረዳለች፤ ክፋት የለባትም። ችግሩ የመጣው የማስታወቂያ ኩባንያዎች በየድረ ገጹ እየገቡ በዚችው ምልክት ከገጽ ወደ ገጽ ይከተሉን ሲጀምሩ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድረ ገጽ እረዳ ነበር። «አንባቢዎቻችንን እንወቃቸው» ተባለና ቅጽ ወጣ። ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ። የሥራ ቦታ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰው አምኖን ሞላ። ዝርዝሩ ቁልፍ በሌለው ፋይል ውስጥ ገባ፤ ከኢሜይል ወደ ኢሜይል፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ከረመ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ልጆችም አሉኝ። ስሜን አጥፉልኝ» አለችኝ። «እሺ እህቴ፣ አሁኑኑ» አልኳት። ፊቴ ካለው ኮምፒዩተር አጠፋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ስንት ቅጂ እንዳለና በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረም። መልሼ ደውዬ እውነቱን ለመንገር ድፍረቱን አጣሁ።

አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል። የእኛ አያያዝ ያ ነበር። መንግሥት ሰለለን እያልን የምንጮህ ሰዎች የአንባቢዎቻችንን ስም ሜዳ ላይ አስጥተነው ነበር!

የሴትየዋ ፍርሃት ደግሞ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር አጋለጠ። በ2014 ደግሞ የኢሳት ጋዜጠኞች በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አሳወቀ። በ2017 ያወጣው ግን ከሁሉም ይገርማል። በውጭ አገር ያሉ ተቃዋሚዎችን ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ እየሳበ «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ» በማለት የስለላ ሶፍትዌር የሚጭን ወጥመድ ተገኘ። የሶፍትዌሩ ሠሪ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ነበር። ጉድ በሉ! ሰላዮቹ የራሳቸውን የሰርቨር መዝገብ ሳይቆልፉት ማንም በሚያየው ቦታ ትተውት ኖሯል። ተመራማሪዎቹ የተሰላዮቹንም፣ የሰላዮቹንም አድራሻ ከዚያው መዝገብ አነበቡት።

እንግዲህ ሥራዬ ብሎ የሚሰልለው እንኳ መዝገቡን መጠበቅ ካቃተው ሌላውማ እንዴት ይሆናል? ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የማይሰረቅ መዝገብ ያልተያዘ መዝገብ ብቻ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወታችንንና የምንጻጻፈውን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። መረጃ ሰብሳቢ ለምን እንደሚሰበስብ ይናገር፣ ለዓላማው ከሚበቃው በላይ አይሰብስብ ይላል። እናንተም ስለ እናንተ የተያዘውን የማየት፣ የማስተካከልና የማስሰረዝ መብት አላችሁ። ያቺ ሴት ዛሬ ብትደውል የምትለምነኝ ሳይሆን የምታዘኝ ናት።

ታዲያ ይህን የሚቆጣጠረው ማነው? የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕዝቡን ስም፣ አሻራና ፎቶግራፍ በገፍ የሚይዘው መንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት! ባለሥልጣኑ ቸርቻሪውን ድረ ገጽ ሊቀጣ እንደሚችል አልጠራጠርም። የደኅንነት መሥሪያ ቤት «መዝገቡን አምጣ» ሲል «የፍርድ ቤት ትእዛዝህ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅበትን ቀን ግን ማየት እፈልጋለሁ። ሕግ የሚመዘነው ያን ቀን ነው።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ቅጽ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለምን ፈለጋችሁት? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? መልስ ከሌለ አትሙሉ። የድረ ገጹ አድራሻ ኤችቲቲፒኤስ ብሎ የማይጀምር ከሆነ የምትጽፉትን ነገር በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል። ኤችቲቲፒኤስ ቢሆንም እንኳ የምታነቡት ጽሑፍ ይሸፈናል እንጂ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለኢንተርኔት አቅራቢው ይታያል። የይለፍ ቃል ጠፋብኝ ስትሉ የድሮውን ቃል ራሱን በኢሜይል የሚልክላችሁ ድረ ገጽ ካለ ደግሞ ሽሹ! ቃላችሁን መልሶ ሊያነበው በሚችልበት መልክ አስቀምጦታል ማለት ነው። በደንብ የሚጠብቅ ድረ ገጽ እሱ ራሱም አያውቀውም፤ አዲስ እንድታወጡ ብቻ ያደርጋል።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፦ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ። የያዛችሁትን ቆልፉ። የጎብኚ መዝገብ ሥራው ሲያበቃ ደምስሱ። ምን እንደምትይዙና መንግሥት ሲጠይቃችሁ ምን እንደምታደርጉ በግልጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉ። አዟሪው ሳይማር ያከበረንን እኛ ተምረን አናዋርደው።

ያቺን እህት ከእንግዲህ አላገኛት ይሆናል። ካነበበች ግን ይህችን ትወቅልኝ፦ «አጠፋሁት» ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ይቅርታ።