የኮርስ ምዝገባና የተማሪው ኃላፊነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ትምህርት ጥቅም በዚህ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ወደ ፊትም ይነገራል። እኔ ግን ለዛሬው በዓል የመረጥሁት ርእስ ከዚያ አነስ ያለ፣ ብዙ ሰውም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ነው። ይኸውም አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ለሚማራቸው ኮርሶች ስለሚመዘገብበት ሥርዐት ነው። ነገሩ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል። ሰልፍ መቆም፣ ወረቀት መሙላትና መፈረም ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ምዝገባ ተማሪው ስለ ራሱ ከሚወስናቸው ውሳኔዎች የመጀመሪያው ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ልንዘጋጅበት ይገባል እላለሁ። ለዚህም ንግግር መሠረት ያደረግሁት፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ታላላቆቻችን ለዕረፍት በመጡ ቁጥር እየጠየቅሁ የሰማሁትንና የኮርስ ዝርዝራቸውን እየተዋስሁ ያነበብሁትን ነው።

በመጀመሪያ ዛሬ ያለንበትን ሁኔታ እናስብ። መስከረም በጠባ ቁጥር የትምህርት ሰሌዳችን ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ደወሉ ሲደወል እንገባለን፤ ሲደወል እንወጣለን። ከመካከላችን አንዱ ሦስት ቀን ቢቀር የክፍሉ ኃላፊ መምህር ወላጆቹን ያስጠራል። ይህ ሁሉ ለእኛ የተደረገ ትልቅ ጥበቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን እንደዚህ አይደለም። እዚያ ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ ያላነበበው ተማሪ ግን «አልሰማሁም» ቢል ሰበቡን የሚቀበለው አያገኝም። የምዝገባው ቀን ያልፋል፤ ያለፈበት ሰው ወይ መቀጫ ይከፍላል፤ ወይም እንደ ዩኒቨርሲቲው ደንብ ያን ሴሚስተር ከነጭራሹ ያጣል።

እዚያ ለመድረስ የሚታለፈው በር ደግሞ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሚከተለውም ዓመት ቁጥሩ ከዚህ እምብዛም አልራቀም። ታዲያ ይህን ያህል ጠባብ በር በብዙ ድካም ያለፈ ተማሪ፣ ከበሩ ወዲያ በአንድ ወረቀት ላይ በሚደረግ ቸልተኝነት አንድ ዓመት ቢያጣ እንዴት ያሳዝናል! ያ ዓመት የእርሱ ብቻ አይደለም። በሬ ሸጠው፣ ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው የላኩት የእናቱና የአባቱም ዓመት ነው።

ቀድሞ ነገሩ ቀለል ያለ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለግቢነት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ ይኸው ተቋም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ይህ የሚያስደስት እድገት ነው። ነገር ግን ተማሪው በበዛ መጠን እያንዳንዱ ተማሪ በሬጅስትራሩ መዝገብ ላይ የሚታወቀው በመታወቂያ ቁጥሩ ነው። ቁጥር ደግሞ ስለ ራሱ አይናገርም፤ ባለቤቱ ሊናገርለት ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው ዝርዝር ልግባ።

አንደኛ፣ መመደብ መመዝገብ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር የአንድን ተማሪ ስም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ውስጥ ቢያወጣ፣ ወይም አንድ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ፈተና ቢቀበለው፣ ይህ የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ተማሪው በተባለው ቀን የትምህርት ማስረጃዎቹን ከነቅጂዎቻቸው ይዞ መቅረብ፣ በመንግሥት ወጪ የሚማርም ከሆነ የወጪ መጋራቱን ውል መፈረም አለበት። ይህን ውል ሳያነብቡ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው ይባላል። ውሉ ግን ዕዳ ነውና የሚፈርም ሰው የፈረመውን ይወቅ። ከዚህም በላይ ምዝገባ በየሴሚስተሩ የሚታደስ ነው እንጂ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር አይደለም። ሳይመዘገብ ክፍል ገብቶ የተማረ፣ ደብተሩ ቢሞላም በመዝገቡ ላይ ስሙ ስለማይገኝ ውጤቱ አይመዘገብለትም። ስለዚህ የተመዘገበበትን ስሊፕ ተቀብሎ፣ የኮርሱን ስምና መለያ ቁጥር አንድ በአንድ አስተያይቶ፣ እስከ ምርቃቱ ቀን ድረስ ሊያስቀምጠው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ክሬዲትን ማወቅ ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ ኮርሶች ሁሉ እኩል አይመዝኑም። አንዱ 2፣ አንዱ 3፣ አንዱ 4 ክሬዲት ይሆናል። ውጤት ሲሰላ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ይይዛል፤ ኤፍ ምንም አይዝም። እያንዳንዱ ነጥብ በኮርሱ ክሬዲት ይባዛል፤ ድምሩም ለክሬዲቶቹ ድምር ይካፈላል። ሁለት ጓደኛሞች ሦስት ኮርስ ወሰዱ እንበል፤ አንዱ ኮርስ 4 ክሬዲት፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው። የመጀመሪያው ጓደኛ በባለ 4ቱ ኤ፣ በባለ 3ቱ ደግሞ አንድ ቢና አንድ ሲ ቢያገኝ ድምሩ 31 ነጥብ ነውና ለ10 ሲካፈል 3.10 ይሆናል። ሁለተኛው በባለ 4ቱ ሲ፣ በባለ 3ቱ ደግሞ አንድ ኤና አንድ ቢ ቢያገኝ ድምሩ 29 ነው፤ አማካዩም 2.90 ይሆናል። ሁለቱም አንድ ኤ፣ አንድ ቢ፣ አንድ ሲ አግኝተዋል፤ ነገር ግን አማካያቸው አንድ አይደለም። በምዝገባው ቀን ይህን የተመለከተ ተማሪ የጥናት ሰዓቱን የት ላይ እንደሚያበዛ ያውቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። እርሱም የኮርሶች ሰንሰለት ነው። አንዳንዱ ኮርስ ሌላውን ሳያልፉ አይወሰድም። የምሕንድስና ተማሪ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድን ሳያልፍ ሁለትን፣ ሁለትንም ሳያልፍ ሦስትን አይነካም። የሒሳብ አያያዝ ተማሪም የአካውንቲንግ መሠረታዊ ኮርሶችን ሳይጨርስ ወደሚቀጥሉት አይሻገርም። ብዙ ኮርስ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከሰንሰለቱ መጀመሪያ ያለውን ኮርስ ከበደኝ ብሎ ቢተወው፣ ለጊዜው የተወው አንድ ኮርስ ይመስለዋል። ነገር ግን እስከሚመጣው ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል፤ ከእርሱም በኋላ የተሰለፉት ኮርሶች ሁሉ አብረውት ይቆያሉ። ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እርሱ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል።

ምናልባት «ኮርሱን የሚወስነው ዲፓርትመንቱ ከሆነ ተማሪው ምን ምርጫ አለው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በአብዛኛው የጋራ ኮርሶችን፣ ይኸውም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊና የመሳሰሉትን ይወስዳሉ። በሚቀጥሉትም ዓመታት ቢሆን የሴሚስተሩ ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ ተዘርዝረው ይመጣሉ። ሁሉ ነገር በሰላም እስከ ሄደ ድረስ ተማሪው ተከትሎ ሊጓዝ ይችላል። ነገር ግን አንድ ኮርስ የወደቀ፣ ታሞ ፈተና ያመለጠው፣ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የመጣ ተማሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰልፉ ወጥቷል። የጓደኞቹ ሰሌዳ የእርሱ ሰሌዳ አይሆንም። የትኛውን ኮርስ መቼና ከየትኛው ክፍል ጋር እንደሚወስድ ራሱ ማሰብ አለበት። መንገዱ ቀና በሆነበት ቀን ካርታውን ያላነበበ፣ መንገዱ በጠፋበት ቀን ለማንበብ ይቸገራል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጊዜ አለ። ተማሪዎች ይህን አድ ድሮፕ ይሉታል። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይፈቀዳል፤ የቀኑም ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው የትምህርት ካሌንደር ላይ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአማካሪ መምህሩ ፈርሞለት ኮርስ የቀነሰ ተማሪ በሕግ ቀንሷል። ዝም ብሎ ከክፍል የቀረ ግን አልቀነሰም፤ ስሙ በመዝገቡ ላይ ስላለ የሚጠብቀው ኤፍ ነው። ስለዚህ አማካሪ መምህርን መፈለግ ውርደት አይደለም። አማካሪው ብዙ ተማሪ ስላለበት ተማሪውን ፈልጎ አይመጣ ይሆናል፤ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ የሚቀርበውን ተማሪ ግን በአጭር ጊዜ ሊረዳው ይችላል።

አምስተኛ፣ የትምህርት መስክ ምርጫ ከምዝገባ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪ የሚመደብበት ዲፓርትመንት ፍላጎቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱንና ያለውንም ቦታ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ በአንደኛው ዓመት የተናቀች ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ኋላ የተመኘውን መስክ ልታስከለክለው ትችላለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ይህም ፈተና የሚነሣው ከዋና ዋናዎቹ የሙያ ኮርሶች ነውና፣ ኮርስን ለማለፍ ብቻ የወሰደ በመጨረሻው በር ላይ ይጠየቅበታል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ በሉቃስ ወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ በዚህ ትምህርት ቤት የማያውቅ የለም። አስቀድሞ ወጪውን ያልቆጠረ ሰው መሠረቱን ጥሎ ሳይፈጽመው ቢቀር መሳቂያ ይሆናል። የእኛም ግንብ የሚቆጠረው በክሬዲት ነው። ስለዚህ ማናችንም ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት የመስካችንን ሙሉ የኮርስ ዝርዝር ፈልገን፣ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚጠብቅ መስመር አስምረን ከአልጋችን አጠገብ እንለጥፍ። የአንድ ማታ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝን ልናገር። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ዩኒቨርሲቲ የነበረው ተማሪ እስካሁን የተናገርሁትን በቤቱ በቡና ሰዓት ይሰማል። ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው ሆኖ የሚሄደው ተማሪ ግን ከማን ይስማ? አባቱ ስለ እርሻው፣ እናቱ ስለ ገበያው ብዙ ያውቃሉ፤ ስለ ክሬዲት ግን የነገራቸው የለም። ሁለቱ ተማሪዎች በአንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ የሬጅስትራሩም ደንብ ለሁለቱ አንድ ነው። አንዱ የሚበልጠው በጭንቅላቱ ሳይሆን ቀድሞ በመስማቱ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ደግሞ እኛው ልናጠፋው የምንችለው ነው።

ስለዚህ ይህን በዓል ምክንያት አድርጌ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አንድ ጠንካራ መዝገብ ይቀመጥ። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ እያንዳንዱ ተማሪ፣ በመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜው መጥቶ አንድ ገጽ ይጻፍበት፤ የገባበትን ዩኒቨርሲቲና መስክ፣ ምዝገባው እንዴት እንደ ተደረገ፣ ምን ማስረጃ እንደ ተጠየቀ፣ የትኛው ኮርስ ከየትኛው በፊት እንደሚመጣ፣ ለታናናሾቹም የሚመክረውን። ደንብ ይለወጣልና የጻፈበትን ዓመተ ምሕረት አይርሳ። ከአሥር ዓመት በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ፣ ታላቅ ወንድም የሌለው ልጅ ብዙ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያገኛል።

ርእሰ መምህራችን መዝገቡን ቢፈቅዱልን፣ ዘንድሮ የምንፈተነው ተማሪዎች የፊተኞቹን ገጾች ለመጻፍ ከዛሬ ጀምሮ ቃል እንገባለን። እግዚአብሔር ያሰብነውን ያሳካልን።