ከቁጠባችን እስከ አላስካ በረዶ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ሐምሌ ስድስት አባላት ከሲያትል ወደ አላስካ ዋና ከተማ ወደ ጁኖ ሄደን ነበር። «በረዶ ለማየት ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ያወጣነውንም ያየነውንም ላቅርብ።

በመጀመሪያ ሂሳቡ። እያንዳንዳችን በወር 100 ዶላር ለ14 ወር ቆጠብን። ለሕመምና ለሐዘን ከተቀመጠው የማኅበሩ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልተነካም፤ የተበደረም የለም።

ወደ ጁኖ ከሌላ ከተማ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም፤ የሚገባው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። ሄሊኮፕተር ላይ ከመውጣታችን በፊት ሁላችንም ተመዘንን፤ መቀመጫ የሚደለደለው በክብደት ነው። ዕድሜዋን የማትናገር ሁሉ እዚያ ኪሎዋ ታወቀ! በጫማችን ላይ ሹል ብረት ያለው ሌላ ጫማ አጠለቁልንና ሜንደንሆል የተባለው የበረዶ ግግር ላይ አረፍን። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንጥቁ ውስጥ ሲያዩት ሰማያዊ ነው፤ የታመቀ በረዶ ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ስለሚያሳልፍ ነው።

በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው የበረዶ ግግር እንደ ባንክ ደብተር ነው። ተራራው ላይ የሚጥለው በረዶ ገቢ፣ ታች የሚቀልጠው ወጪ ነው። ዛሬ ወጪው ስለበለጠ ግግሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። አሁን ከፊቱ የተኛው ትልቅ ሐይቅ ከመቶ ዓመት በፊት አልነበረም፤ ቦታውን የያዘው በረዶው ነበር።

በማግስቱ ቶንጋስ በተባለው ደን በእግር ሄድን። በአሜሪካ ካሉት ብሔራዊ ደኖች ትልቁ ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ዝናብ ስለማያቋርጥ ግንዱም ድንጋዩም አረንጓዴ ሽበት ለብሷል። ድብ ድንገት እንዳይደነግጥ እየተነጋገራችሁ ሂዱ ተባልን፤ ለእኛ ይህ አልከበደንም። በረዶው በቅርቡ በለቀቀው መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ ቀደም ብሎ በለቀቀው ላይ ግን ትልልቅ ዛፍ ቆሟል። የፊተኞቹ ተክሎች አፈሩን ያዳብራሉ፣ የኋለኞቹ በዚያ ላይ ይበቅላሉ። የእኛም ማኅበር የቆመው እንዲሁ ነው።

ከመካከላችን ለሃያ ዓመት የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የኖረች እናት አለች። ከበረዶው ላይ ቆማ፣ «ይህን አገር አጸዳሁት እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር» አለች። «ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ላላችሁ መልሴ ይኸው ነው። ለችግር መቆጠብ ግዴታችን ነው፤ ግን ሴት የምትቆጥበው ለችግር ብቻ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ከመረዳጃው ገንዘብ ፈጽሞ የተለየ፣ በፈቃደኝነት የሚገባበት የጉዞ ዕቁብ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀርባለሁ። አቅሟ ለትንሽ የሆነች ትንሽ ታዋጣ፤ ቅርብ ቦታም ጉዞ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተወያይተን እንወስን።