የማያረካ ፍጻሜ ስለ ምን ልክ ይመስላል?
(ሆሞሻ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ተተረከ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በቴሌቪዥን ታየ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጎጆ ሳይወጡ መቅረታቸው ዛሬም ያስቆጫል። ይሁን እንጂ ፍጻሜው ቢለወጥ ድርሰቱ በፈረሰ ነበር።

በዛብህን መንገድ ላይ የጣሉት ወንበዴዎች ድንገት ደራሽ ይመስላሉ። ለዚያ መንገድ የዳረገው ግን የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትምክሕት ነው። ድልድይ ሲወድቅ መሐንዲስ የሚመረምረው በመጨረሻ ያለፈውን መኪና ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተሰነጠቀውን ምሰሶ ነው።

ደራሲው ለሁለቱ ቢራራላቸው ኖሮ፣ አንባቢው ተደስቶ መጽሐፉን በከደነ፣ የለያያቸውንም ሥርዓት በማረ ነበር። ሐዘኑ ስላላለቀ ግን ጥያቄውም አላለቀም። ስለዚህ ልብ ለሚወደው ገጸ ባሕርይ እያዘነ፣ ፍጻሜውን እውነት ነው ብሎ ይቀበላል።