ጫጩት ሲፈለፈል



ዶሮ እንቁላል የምትታቀፈው 21 ቀን ነው። ቅርፊቱ ድፍን ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ በኩል ከውስጥ ውሃ ይተናል። በበጋ አየሩ በጣም ሲደርቅ የውስጡ ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱን ይይዘዋል። እኔ ልጅ ሆኜ እንዲህ የተያዘ አየሁና ቅርፊቱን ላጥኩለት። ደማ፤ ሞተ። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ እሱ ነው የባሰው። ለካ የደም ሥሮቹ ገና አልደረቁም ነበር!

እንግዲህ በበጋ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ከጭዱ ሥር ያለውን አፈር ለብ ባለ ውሃ ትንሽ እርጥብ አድርጉት። እንቁላሉ ግን አይርጠብ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ተዉት። ሲወጣም አስኳሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነውና ለእህሉ አትቸኩሉ። ውሃውን በዝርግ ሳህን፣ እንዳይሰምጥ ጠጠር ጨምራችሁ አቅርቡለት።