የብርጭቆ ተስቢሕና ክሩ



በመቀሌ ከአያት የተወረሰ የብርጭቆ ተስቢሕ ያለው ቤተሰብ ሊጠብቀው የሚገባው ብርጭቆውን ብቻ አይደለም። ተስቢሕ 33 ወይም 99 ፍሬዎች አሉት፤ ከስግደት በኋላ ሱብሐነላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አላሁ አክበር 33 ጊዜ ሲደጋገሙ ቍጥሩ የሚያዘው በእርሱ ነው። ብርጭቆም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ፔሪፕሉስ የተባለው የባሕር ንግድ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ይጠቅሰዋል።

ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ቀልጦ የሚሠራው ብርጭቆ አይዝግም፣ አይነቅዝም። ክሩ ግን በላብና በፍትጊያ ይሳሳል፤ የቀዳዳው ስለታም ጠርዝም ይበላዋል። በተበጠሰ ጊዜ ፍሬዎቹ ከድንጋይ ወለል ላይ ወድቀው ይሰበራሉ። እንግዲህ የማናቸውም ሥራ ዕድሜ የሚወሰነው በደካማው ክፍል ነውና፣ ክሩን ሳይበጠስ መለወጥ ያስፈልጋል። ፍሬዎቹንም በደረቅ ጨርቅ ከመፈተግ በውሃ ማጠብ ይሻላል፤ በአቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ደቃቅ ከብርጭቆ ይጠነክራልና ይጭረዋል።

ከመቀሌ በስተሰሜን በነጋሽ የሚገኘው የአል ነጃሺ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነት ተጐድቷል። እንዲህ ያለውን ታላቅ ቅርስ መጠገን የብዙዎችን እጅና ሀብት ይጠይቃል፤ ትንሹን ቅርስ ለማዳን ግን አንድ ጥቅል ክር ይበቃል።