የፍየል መኖ ከደጃችን



ብዙዎቻችን ደብተርና ዩኒፎርም የገዛነው በፍየል ዋጋ ነው። የፍየል ገበያ የሚደምቀው በፋሲካ ነው፤ ነገር ግን በጀማና በወንጪት ቆላ ሣሩ ደርቆ ፍየል የሚከሳውም በዚያው ወራት ነው። ታዲያ ምን እናድርግ?

የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም፤ ከ100 ኪሎው ውስጥ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ቢበዛ 5 ኪሎ ያህል ነው። በ100 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ግን 30 ኪሎ ያህል ይገኛል። ፋጉሎ ውድ ነው ብትሉን እውነት ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋራ አዋጥተን በኩንታል እንግዛ፤ ለምታጠባዋና ለሚደልበው ሙክት ብቻ በጥቂቱ እንስጥ። የሻገተውን ግን ቢረክስም አንግዛ፤ ሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላልና።

ከሁሉ የሚረክሰው መኖ በደጃችን ነው። የግራር ፍሬ ለቅመን እናስቀምጥ፤ የማሾና የሽምብራ ገለባ ዝናብ እንዳይመታው እንክተት፤ የጠላውን አተላ አንድፋ።

የተማርነው ትምህርት የአባቶቻችንን በረት ካልጠቀመ ትርፉ ምንድር ነው? እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክ።