ስለ መንግሥተ ሰማያትና ስለ ድንኳናችን

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛው ስለ መንግሥተ ሰማያት ጥቂት እንድንናገር ባዘዙን ጊዜ «እኛ ምን አውቀን?» ብለን ነበር። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የጨረስነውም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብና ፋይል ስናወጣ ስናገባ ነው። ቄስም አይደለን፣ የመጽሐፍ መምህርም አይደለን። ነገር ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምትሰጡበት የደንብ ማሻሻያ አለ። በዚያ ጉዳይ ላይ እኛን የሚመለከት የቆየ ዕዳ ስላለ እሺ አልን።

ማሻሻያው አጭር ነው። ዕድሩ ለቀብር ሲደርስ ሟቹ በምን ምክንያት እንደ ሞተ፣ ሃይማኖቱም ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም ይላል። ከእናንተ መካከል «ይህማ ምን ያስፈልገዋል፣ ከድሮም እንዲያው አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እንዲያው አልነበረም፤ እናስረዳ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ በክረምት፣ የአንዲት አባላችን ልጅ በገዛ እጁ አለፈ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ እኛ ነበርን። ጧት ኮሚቴው ሲሰበሰብ የአሟሟቱ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ግማሹ ሰው «ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ለማታደርግለት ሰው ዕድር ድንኳን ቢጥል ነውር ነው» አለ። ግማሹም «ድንኳኑ የሚጣለው ለሟች ነው እንዴ? ለእናቱ ነው እንጂ» አለ። ደንቡን ብናገላብጠው ምንም አይልም። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? በመሥሪያ ቤት የለመድነውን አደረግን። እዚያ አንድ ጉዳይ ሲከብደን ፋይሉ ላይ «ይቆይ» ብለን ወደ መደርደሪያው እንመልሰው ነበር። በዕድሩ መዝገብም ላይ ከልጁ ስም ትይዩ በቀይ እስክሪፕቶ «ይቆይ» ብለን ጻፍን።

ሬሳ ይቆያል እንዴ! በዚያው ቀን ተቀበረ። እናቱ ከቀብር ተመልሰው ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ዝናቡ ያካፋል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ በዕቃ ቤት ተቆልፎበት ቁልፉ በእኛ ኪስ ነው። ከማዶ የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ያኔም ዛሬም የዕድራችን አባል ናቸው፣ ማንንም ሳይጠይቁ የሱቃቸውን ሸራ ነቅለው አመጡና ከልጆቻቸው ጋር በአራት እንጨት ወጠሩት። ባለቤታቸው ንፍሮ ቀቅለው ላኩ። ሸራው ጋዝና ሳሙና ይሸት እንደ ነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለናል። እኛም ሄደን ከሥሩ ተቀመጥን። እናቲቱ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ወንድሜ፣ ልጄ አሁን የት ነው ያለው?» አሉን። ስለ ድንኳኑ ቢጠይቁን ይሻለን ነበር። አንገታችንን ደፍተን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ያገኘነውን ካህን ሁሉ ስንጠይቅ፣ ዐይናችን የቻለውን ያህል ስናነብ ኖርን። ጡረታ ከወጣን በኋላማ ጊዜው ሞልቶናል።

መጀመሪያ የጠየቅነው ስለ ፍትሐቱ ነው። አንድ አዋቂ ካህን የነገሩን ይህን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ380 እስከ 385 ድረስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለነበረው ለጢሞቴዎስ ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፤ ራሱን ስላጠፋ ሰው ጸሎትና መሥዋዕት ይቀርባል ወይ ተባለ። መልሱ ሁለት ወገን አለው። ሰውዬው አእምሮውን ስቶ ከሆነ ይቀርብለታል፤ በሰው ተበድሎ ወይም ተስፋ ቆርጦ ከሆነ አይቀርብለትም። ዘመዶች ፍትሐት ለማግኘት ሲሉ «አእምሮውን ስቶ ነበር» ሊሉ ስለሚችሉም፣ ካህኑ አጥብቆ ይመርምር ይላል። እንግዲህ ጥብቅ ነው፤ አንሸሽገውም። ቢሆንም በዚያ በጥንቱ ዘመን እንኳ «ሰውዬው በምን ሁኔታ ላይ ነበር?» ተብሎ ተጠይቋል። እኛ ግን በዚያ ጧት ይህን አልጠየቅንም። ልጁ ከዚያ በፊት ስንት ወር እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ እንደ ኖረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ይህ ሕመም ነው ይላሉ፤ መድኃኒትም አለው። በሳምባ ምች ለሞተ ሰው ድንኳን ስንጥል ማንም አልተከራከረን።

ሁለተኛው የበላዔ ሰብእ ነገር ነው። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት የማይሰማው የለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም ተሥሏል። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ በቁስል የተመታ ምስኪን ውሃ ቢለምነው እንቢ ብሎ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ያ ሁሉ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውሃ በሌላ ወገን ተመዘነ፤ በእመቤታችን ምልጃ ውሃው ደፋ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተን፣ ተሳልመን፣ ጠበል ጠጥተን ወጥተናል። ታዲያ ሰባ ስምንት ሰው የበላው ምሕረት ሲያገኝ ደስ ብሎን እያጨበጨብን፣ አንድ ሰው ያልጎዳውን የጎረቤታችንን ልጅ «ይቆይ» ማለታችን ምን የሚሉት ነው? ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን ይህን ታሪክ እንደማይቀበሉት እናውቃለን፤ ለእነሱ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ አለላቸው። እሱም ጊዜ አልነበረውም፣ እጁም ተቸንክሮ ነበርና የሠራው ሥራ የለም፤ ያው በዚያው ቀን ገነት ተባለ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስደነቀን ነው። በገዳማት ከሚነበቡት ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ማር ይስሐቅ መሆኑን አባቶች ታውቃላችሁ። ይህ ሰው በሰባተኛው መቶ ዓመት ዛሬ ቀጠር በሚባለው አገር አካባቢ ተወልዶ፣ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ ገባ። የነበረበት ቤተ ክርስቲያን እኛ ንስጥሮሳዊ የምንላቸው ወገን ነው። በጉባዔ ብንገናኝ እንወጋገዝ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ተራራና ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የእኛን መነኮሳት ሲያስተምር ይኖራል። የትምህርቱ ዋና ነገር እንዲህ ነው፤ በገሃነም ያሉት ከእግዚአብሔር ፍቅር የራቁ አይምሰላችሁ፣ የሚያቃጥላቸው ያው ፍቅሩ ነው፣ የበደሉትን ፍቅር ሲያዩት ነው ሥቃዩ ይላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ሰባስቲያን ብሮክ የሚባሉ፣ ጠፍቶ የነበረውን የማር ይስሐቅን ሁለተኛ ክፍል በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት አገኙት። በ1995 ታተመ። እዚያ ውስጥ ማር ይስሐቅ ገሃነም የበቀል ቦታ እንዳይደለ፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሊጥለው እንዳልፈጠረው፣ መጨረሻውም ምሕረት እንደሚሆን ተስፋ ያደርጋል። ከእሱ በፊት የኑሲሱ ጎርጎርዮስም ክፋት አንድ ቀን ፈጽሞ ያልቃል ብሎ ጽፏል፤ ቅዱስ ተብሎ ይከበራል እንጂ ስለዚህ አልተወገዘም።

አባቶች፣ አትቆጡን። ቤተ ክርስቲያናችን ፍርድ አለ፣ ቅጣቱም የዘላለም ነው ብላ እንደምታስተምር እናውቃለን፤ ያን ለመሻር አልቆምንም። የምንለው፣ ለሁሉ ምሕረትን ተስፋ ማድረግ ከትልልቅ አባቶች ዘንድ የነበረ ነገር ነው፤ ከሰነፍ ሰው የመጣ አይደለም።

አሁን «ሁሉ የሚማር ከሆነ እኛ ለምን እንጾማለን?» የሚል ይኖራል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጃችን በቡና ላይ ይህንኑ አሉን። እኛ ሠላሳ ዓመት የደመወዝ መክፈያ ስናዘጋጅ የኖርን ሰዎች ነንና ማጉረምረምን እናውቃታለን። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ሰው የራሱን ደመወዝ አይቆጥርም፤ የጎረቤቱን ነው የሚቆጥር። በወንጌል ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች የተነገረው ምሳሌም ይኸው ነው፤ ከማለዳ የሠራውና በአሥራ አንድ ሰዓት የመጣው እኩል ተከፈላቸው፤ ከማለዳ የነበረው ተቆጣ። ከደመወዙ የጎደለበት ግን አልነበረም። እንደ መሥሪያ ቤት ደንብ ቢሆን ያን የወይን አትክልት ባለቤት ሒሳብ መርማሪ ይይዘው ነበር።

ሸራውንስ ምን እንበለው? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባዔ፣ በ1964 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ያለ ራሳቸው ጥፋት ወንጌልን ሳያውቁ በቅን ልብ እግዚአብሔርን የሚፈልጉ ሰዎች ሊድኑ ይችላሉ ብላ በይፋ ጽፋለች። እኛ ያን ያህል የሚጻፍ ቃል የለንም። ጥርኝ ውሃ ያን ያህል ከመዘነ፣ ያ ሸራ ስንት ይመዝን ይሆን ብለን ብቻ እናስባለን። ይህን ለጎረቤታችን ብንነግራቸው ሳቁብን። እሳቸው በሃይማኖታቸው የአላህን ርኅራኄ ሳይጠሩ ሱቃቸውን እንኳ አይከፍቱም። «የገነቱን ነገር ለባለቤቱ ተዉለት፤ ሸራዬን ግን ማን መለሰልኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ሰሞን የት እንደ ገባ አይታወቅም።

እናቲቱ ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን በጉባዔ እንድንናገር ፈቃዳቸውን ጠይቀን «ተናገሩት» ብለውናል። እንግዲህ እትዬ፣ ሃያ ዓመት ቢዘገይም መልሳችን ይኸው ነው። ልጅዎ የት እንዳለ እኛ አላየንም። ያለበት ቦታ ግን የእግዚአብሔር ፍቅር የማይደርስበት ነው ብሎ ሊነግርዎ የሚችል ሰው የለም፤ እኛም ያን ቀን በዝምታችን እንደዚያ ያልን መስሎ ከተሰማዎ፣ ይቅር ይበሉን።

አሁን ወደ ሥራችን። ማሻሻያው ሁለተኛ አንቀጽ አለው። ለዚያ ቀብር ይከፈል የነበረው 1500 ብር ለእናቲቱ አልተከፈለም፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ወር መዋጮ አላሳለፉም፣ ለማንም ለቅሶ ቀርተው አልተቀጡም፤ መዝገቡ ይመሰክራል። ገንዘቡ እንዲከፈል፣ ለጎረቤታችንም አዲስ ሸራ እንዲገዛ ተጠይቋል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የአሁኑ ጸሐፊ መዝገቡን በየወንበሩ ያዞርላችኋል፤ ገጹን እዩት። ቀይ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ጽሕፈቱ ግን የእኛ ነው።